ደመ ከልብ

ከወልድያ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በጋሸና የሚዞረው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሌላው ድልብ ላይ ተገንጥሎ በኩልመስክ በኩል የሚያልፈው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ አንድ ያረጀ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ነበር። የአቧራውንና የገደሉን ነገር ልተወው። ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ ከአጠገቤ በተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢ ውስጥ የሆነ ነገር ተላወሰ።

«አባባ፣ እሱ ምንድን ነው?»

«ቡችላ ናት።»

«ቡችላም ሒሳብ ትከፍላለች!»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ከጭኔ ላይ ናት፤ ወንበር መች ያዘችብህ?»

ተሳፋሪው በሳቅ አውካካ። ከኋላ አንዱ፣ «ሰው ቆሞ እየሄደ ውሻ ቁጭ ብላ ትሂድ!» ብሎ ተረበ። ረዳቱ ሳቁ ሲበዛበት ትቶን አለፈ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቡችላዋን ሸፈን አደረጓትና መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

ድልብን ካለፍን በኋላ ነው ነገሩን ያወጉኝ። መከታ የሚባል ውሻ ነበራቸው። በጎቻቸውን ስድስት ዓመት ከጅብ ጠብቋል። አንድ ክረምት በአካባቢው ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለና ፖሊሶች ውሻ እየገደሉ ነው የሚል ወሬ መጣ። ሽማግሌው ወሬውን ሲሰሙ መከታን ደጃቸው ላይ በሰንሰለት አሰሩት፤ ያልታሰረው ነው የሚገደለው ብለው ነው። ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጡ። ውሻው፣ እንግዲህ ሥራው ነውና፣ ጮኸ። አንደኛው ከአጥር ውጪ ሆኖ ተኮሰ። ልጆቹ ቤት ውስጥ ነበሩ።

ሽማግሌው በማግስቱ ወደ ጣቢያው ሄዱ። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። «ውሻዬ ታስሮ ሳለ ለምን ተገደለ? ማነው ያዘዘው?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ይህ ነበር፦ «የጥይቱን ዋጋ ስላልጠየቅንህ አመስግን።»

ሽማግሌው በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ ሆነው ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው። ግዕዙ ጠፍቶባቸው አልነበረም። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው ሲገደልና ጠያቂ ሲያጣ ደሙ ደመ ከልብ ሆነ ይባላል። ከልቡ ራሱ ሲገደልስ ምን ይባላል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እነሆ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ፤ አሁንም ጥያቄው አብሮኝ አለ።

ከልብ በግዕዝ ውሻ ማለት ነው። ደመ ከልብ፣ የውሻ ደም። ይህችን ሐረግ በየቀኑ እንጠቀምባታለን፤ ውስጧ ውሻ መኖሩን ግን አብዛኞቻችን ረስተነዋል። ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይያዝ ሲቀር፣ ፍርድ ቤት ሳይቆም ሲቀር፣ መዝገቡ ሲጠፋ፣ «ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» እንላለን። ሐረጓ የምትነግረን አንድ ነገር አለ። አባቶቻችን ስለ ደም ተጠያቂነት ሲያስቡ የሆነ ቦታ ላይ ወሰን አስምረዋል። ከወሰኑ ወዲህ ያለው ደም ጠያቂ አለው። ከወሰኑ ወዲያ ያለው የለውም። የወሰኑ ምልክት ደግሞ ውሻ ነው።

ወሰኑ ወዲህ ያለው ደም እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አንዳንዱ አፈርሳታ ይለዋል፣ ሌላው አውጫጭኝ። እገሌ ነው ተብሎ እስኪወጣ ድረስ ሰዉ ሥራውን ትቶ ይውላል፤ ካልወጣም አገሩ በጋራ ይከፍላል። ሥርዓቱ ስንት ንጹሕ ሰው እንዳጉላላ፣ በጥላቻ ስንቱ እንደተጠቆመበት አውቃለሁና ላሞግሰው አልፈልግም። ቁም ነገሩ ግን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ መግባትን እንደ ነውር ይቆጥር ነበር። ለውሻ ሲባል የተጠራ አፈርሳታ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ሲባል ውሻ በላስታ ደጋ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ በዱላ የሚባረረው ውሻ፣ ማታ በገብስ አጨዳ ወራት በጎቹ በረት ደጃፍ ላይ ተኝቶ የሚያድረው እሱው ነው። ደጋው ብርድ ነው፤ ሀብቱ በግና ገብስ ነው። ጅቡ የሚመጣው በሌሊት ነው። ውሻ የሌለው ገበሬ ወይ አይተኛም፣ ወይ በግ የለውም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው አጥሩ በምን እንደሚጠበቅ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ተኳሹ ልምጣ። ለእሱም ፍርድ ይገባዋልና።

የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በታላቅ ወረርሽኝነት በጽሑፍ የተመዘገበው ገና በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን ማለት ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽተኛው አይድንም። ዛሬም በአገራችን በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። በእኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች የድሮውን ክትባት አይረሱትም። ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር፤ በየቀኑ እየሄዱ ሆድ ላይ መወጋት ነው፣ ለአሥራ አራት ቀን። የሰፈራችን ልጅ ተነክሶ በእናቱ እጅ እየተጎተተ ወደ ፓስተር ሲመላለስ ትዝ ይለኛል፤ ከውሻው ይልቅ መርፌውን ነበር የምንፈራው። ለገጠሩ ሰው ደግሞ መርፌው ራሱ ሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው።

እንግዲህ አንድ የወረዳ ፖሊስ በዚህ መሐል አለ። ሰው ተነክሷል፣ ሕዝቡ ተሸብሯል፣ አለቃው «አንድ ነገር አድርጉ» ብሎታል። ክትባት አልተሰጠውም። ማጥመጃ መረብ አልተሰጠውም። የተሰጠው ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ ብቻ የተሰጠው ሰው የሚያደርገውን አደረገ። የከተማው ማዘጋጃ ቤትም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ የሌሊት መርዝ ነበረው። የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ በስትሪክኒን የተመረዘ ሥጋ በልተው አፋቸው አረፋ ደፍቆ አስፋልት ዳር የተጋደሙ ውሾችን ያላየ ጥቂት ነው። ከእነሱ መሐል ባለቤት ያላቸው ይኖሩ ነበር። ባለቤቱ ግን ለማን ይናገራል?

የሚያሳዝነው ነገር፣ ይህ ሁሉ ግድያ በሽታውን አለማጥፋቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ውሻን በጅምላ መግደል የእብድ ውሻን በሽታ አይገታም፤ የሚገታው ከመቶ ሰባ የሚሆነውን ውሻ መከተብ ነው። ለምን ቢባል፣ የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ውሻ ይመጣበታል፣ ሌላ ቡችላ ይወለዳል። ደግሞም በቅድሚያ የሚገደለው ማነው? የታሰረው፣ ሰው የለመደው፣ ሲጠሩት የሚመጣው ነው። ያበደው ውሻ ሰንሰለት ላይ ቆሞ ፖሊስ አይጠብቅም።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከኩልመስክ ቀና ቢሉ በዚያው ደጋ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው። እዚያ ላይ በዓለም ከ500 በላይ እንደማይኖር የሚነገርለት ቀይ ቀበሮ ይኖራል። የቀይ ቀበሮ ዋና ጠላት ከእረኛው ውሻ የሚተላለፍበት ይኸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ1996 ዓ.ም. በሽታው ገብቶ የቀበሮውን መንጋ አርግፎታል። እዚያ የተመረጠው መንገድ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ መከተብ ነው። ገበሬው ውሻውን በገመድ ይዞ በእግሩ ይመጣል። ጠመንጃ ይዘው ቢመጡበት ኖሮ ውሻውን ይዞ ይመጣ ነበር ወይስ ይደብቀው ነበር? መልሱን ለእናንተ ልተወው።

ሽማግሌው ግን የጠየቁት ስለ ክትባት አልነበረም። ማን አዘዘ? ለምን ታስሮ ሳለ? ነው ያሉት። ይህ ጥያቄ በሕግ ፊት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማወቅ ኋላ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጬ ነበር። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ያነበብኩትን ግን ልንገራችሁ፣ አስደንቆኛል።

አንቀጽ 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ። ጥፋት ነበረበት አልነበረበትም የሚል ነገር የለም። መከታ ሰንሰለቱን በጥሶ የአንዱን ፖሊስ ባት ቢዘነጥል ኖሮ፣ ሽማግሌው ይከፍሉ ነበር። በሌላ በኩል ፖሊሱ መከታን ሲገድለውስ? እዚህ ላይ አንቀጽ 2126 ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ መንግሥትንም መክሰስ ይችላል። የሥራ ጥፋት ማለት ደግሞ ሠራተኛው በቅን ልቡና፣ ሥልጣኔ ነው፣ ለመንግሥት ጥቅም ነው ብሎ የፈጸመው ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሽማግሌው መሄጃ ነበራቸው። የውሻውን ባለቤትነት፣ የተኳሹን ማንነትና ጥፋቱን አስረድተው መክሰስ ይችሉ ነበር። ምን ያህል ይፈረድላቸው ነበር? የአንድ ባላገር ውሻ የገበያ ዋጋ። የኅሊና ጉዳት በገንዘብ የሚካስበትን በር ሕጉ እጅግ አጥብቦታልና። ከወረዳ ፍርድ ቤት እስከ ቤታቸው ያለውን የእግር መንገድ የሚያህል ገንዘብ አይወጣውም።

በዚህ ላይ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 አለ፤ የመንግሥት አሠራር ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሁን የሚለው። ውሻ አይልም። ውሻ አይደለም ያለው ግን ማነው? አንቀጹ ላይ ያልተጻፈውን ልዩነት አእምሯችን ላይ የጻፈችው ያቺው ሁለት ቃል ያላት ሐረግ ናት።

በሌላ አገር ይህን የሚመስል ነገር ደርሶ ምን እንደተደረገ ላውጋችሁ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሳይርቅ በርዊን ሃይትስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. የካውንቲው ልዩ ኃይል የከተማዋን ከንቲባ ቤት በር ሰብሮ ገባ። ከንቲባው ሁለት ላብራዶር ውሾች ነበሯቸው። ሁለቱንም ገደሏቸው። ከንቲባውንና አማታቸውን በካቴና አስረው ከሬሳዎቹ አጠገብ ለሰዓታት አቆዩአቸው። ነገሩ ሲጣራ፣ ማሪዋና ነጋዴዎች ምንም የማያውቁ ሰዎች አድራሻ ላይ ዕቃ እየላኩ መንገድ ላይ የሚቀበሉበት ዘዴ ነበር። ቤተሰቡ ንጹሕ ነው። ከንቲባው ከንቲባ መሆናቸውን እንኳ የገባው ፖሊስ ከማን ቤት እንደገባ አላጣራም ነበር።

እዚያስ ፖሊሶቹ ተቀጡ? አልተቀጡም። የውስጥ ምርመራው የሠሩትን ትክክል ነው አለ። ታዲያ የሚያስገርመው ይህ አይደለም፤ ይህን እኛም እናውቀዋለን። የሚያስገርመው ከንቲባው ያነሱት ጥያቄ ነው። «ውሾቼን መልሱልኝ» አላሉም። «ይህ ኃይል በዓመት ስንት ቤት ሰብሮ ይገባል? በምን ምክንያት? ስንት እንስሳ ይገድላል?» አሉ። የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚቆጥር ስላልነበረ። በሚቀጥለው ዓመት የሜሪላንድ ምክር ቤት እያንዳንዱ ልዩ ኃይል በየስድስት ወሩ ይህንን ቆጥሮ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የመጀመሪያው ቆጠራ ሲወጣ በዚያች ትንሽ ክፍለ ግዛት ውስጥ በቀን በአማካይ ከ4 ጊዜ በላይ እንዲህ ያለ ዘመቻ ይካሄድ እንደነበር ታወቀ። ሁለት ውሻ ሞቶ ነው ይህ የታወቀው። ሕጉ ግን ዕድሜው የተወሰነ ነበርና እ.ኤ.አ. በ2014 አበቃ፤ አላደሱትም። ቁጥሩም አብሮ ቆመ።

አሁን ከአንባብያን መሐል ምን እንደሚባል ይሰማኛል። «ሰው እየሞተ ስለ ውሻ ታወራለህ?» ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ለወሎ ሰው፣ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩም በፊልም ተቀርጿል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ አለቀ። በትንሹ ከ40 ሺህ እስከ 80 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ሞቷል የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩን 200 ሺህ የሚያደርሱትም አሉ። እህል ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ የተነሣውን ገበሬ ከከተማው ዳር የመለሰው ፖሊስ ነው። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ማን አዘዘ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በዓመቱ ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ እንደገና ቀጠለው። የወሎን በረሃብ የሞቱ ልጆች ያሳይና፣ ወዲያው ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ያሳያል። መልሶ ሬሳ። መልሶ ድግስ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ለዘመን መለወጫ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ያ ፊልም ከመንግሥቱ በላይ አንድ ነገር ያወረደ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ስለ ውሻ ርኅራኄ መናገር የቅንጦት፣ የቤተ መንግሥት፣ በድሃ ላይ የመሳለቅ ምልክት ሆነ። ውሻ ሲባል የኩልመስኩ ሽማግሌ በረት ላይ የሚያድረው መከታ አይደለም የሚታየን፤ ሥጋ የተቀረበለት የንጉሡ ውሻ ነው። የድሃውን ውሻ ከሀብታሙ ውሻ መለየት አቃተን።

ታሪክ ግን ቀልደኛ ነው፤ ክፉ ቀልደኛ። ንጉሡ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። ስትሞት በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቀብራ የመቃብር ድንጋይ ተተክሎላታል። ከፊልሙ ሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ 60 ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎች፣ መሳፍንት። በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። ንጉሡ ራሳቸው ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ፤ አስከሬናቸው የት እንደወደቀ ሕዝቡ ሳያውቅ እስከ 1984 ዓ.ም. ቆየ። ያኔ ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ውሻይቱ ድንጋይ ነበራት። ጌታዋ 25 ዓመት መቃብር አልነበራቸውም።

በወሰኑ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ውሻ ብቻ የነበረበት ቦታ ላይ ጄኔራሉ፣ ንጉሡ፣ ከዚያም በቀይ ሽብር የየሰፈሩ ተማሪ ተጨመረ። አሁን ሽማግሌው የተሰጣቸውን መልስ አስታውሱት፤ «የጥይቱን ዋጋ ስላልጠየቅንህ አመስግን።» ያ ፖሊስ ይህንን ቃል ከራሱ አላመጣውም። በቀይ ሽብር ዘመን የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ የመጡ ወላጆች ልጃቸው የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ክፈሉ ይባሉ ነበር። ለሰው የተፈጠረችው ዐረፍተ ነገር ሠላሳ ዓመት ቆይታ ወደ ውሻ ደጃፍ ወረደች። እንዲህ ያለ ነገር መንገዱን ሁለት ጊዜ ያውቀዋል፤ ከውሻ ወደ ሰው ይወጣል፣ ከሰው ወደ ውሻ ይወርዳል።

ለዚያ ለደርጉ ደም ጥያቄው ቆይቶም ቢሆን ተጠይቋል። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው ጥፋተኛ ተባሉ። ዋናው ተከሳሽ ሐራሬ ሆነው ነው ፍርዱን የሰሙት። ይህንን ችሎት የሚነቅፉት አሉ፤ የአሸናፊ ፍርድ ነው፣ ዘግይቷል፣ ጎድሏል ይላሉ። ይሁን። እኔ የምጨነቀው ስለ ታላላቁ ችሎት አይደለም። ትልቁን ጥያቄ በየሠላሳ ዓመቱ አንዴ፣ መንግሥት ሲገለበጥ እንጠይቃለን። ትንሹን ጥያቄ፣ ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ገበሬ ደጃፍ የተተኮሰችውን አንዲት ጥይት ግን ማን ተኮሳት፣ ማን አዘዘ፣ ተመዝግባለች ወይ ብሎ የመጠየቅ ልማድ የለንም። አንድ ጥይት ከመጋዘን ስትወጣ በፊርማ ነው የምትወጣው። ስትተኮስስ?

ከዚያ የአውቶቡስ ጉዞ ወዲህ ላስታ ብዙ አየ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ በወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሌላ ጦርነት ተጀመረ። በዚያ ሁሉ መሐል የስንት ሰው ደም ጠያቂ አጥቶ እንደቀረ ስታስቡት፣ ስለ መከታ የጻፍኩትን መቅደድ አማረኝ። ሁለት ጊዜ አስቀምጬው ነበር። መልሼ ያነሣሁት ይኼው የሽማግሌው ጥያቄ ስላላስቀመጠኝ ነው። እሳቸው ደጃፍ ላይ «ማነው ያዘዘው?» ሲባል መልስ መስጠት የለመደ ጣቢያ፣ ሌላ ቦታ ላይ በሌላ ቀን ሰው ሲገደልም ያው ጥያቄ እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። ወይም ላያውቅ ይችላል፤ እኔም ምናልባት የዋህ ሆኜ ነው።

ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። መከታ ከሞተ በኋላ ጅብ በዚያው ዓመት ሁለት በግ ወስዶባቸዋል። ሦስተኛውን ሊወስድ ሲል እሳቸው ራሳቸው በዱላ ተናንቀው አስጣሉት፤ ክንዳቸውን ገልጠው ጠባሳውን አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ውሻ ላለማሳደግ ምለው ነበር።

«ታዲያ ይህችን ለምን ገዙ?» አልኳቸው።

«መች ገዛኋት! ወልድያ ያለች ልጄ ናት የሰጠችኝ። ልጆቹ አስቸገሩኝ።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «ለነገሩ ለማንም አልነገርኩም» አሉ።

ኩልመስክ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወራጅ!» አለ። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ቡችላዋን በግራ እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ጋቢውን እስከ አንገቷ አለበሷት፤ ጆሮዋ ብቻ ነበር የሚታየው። ከበር ላይ ሆኜ ስሟን ጠየቅኋቸው።

«ገና አላወጣሁላትም» አሉኝ። «አሁን ስገባ ደብቄ ነው የማስገባት።»